ገዲሴና የህንዶቹ ወተት

የላፍቶ ሰዎች ገዲሴን "አፍ የላትም" ይሏታል። አፍስ አላት፤ ድምፅዋ ነው ከጥርሷ አልፎ የማይወጣው። ሰው ሲያናግራት ነጠላዋን ወደ አፏ ትስብና መሬት መሬት ታያለች። መሠረተ ትምህርት የገባች ጊዜ እንኳ አስተማሪው "ገዲሴ፣ እስቲ ይቺን አንብቢልን" ሲላት ፊደሉን እያወቀችው ለጎኗ ሴትዮ በሹክሹክታ ትነግራትና ሴትዮዋ ጮክ ብላ ታነበዋለች። ሴትዮዋ ይጨበጨብላታል። ገዲሴም አብራ ታጨበጭባለች።

የሚናገርላት አንድ ነገር ብቻ ነበራት፤ ወተቷ።

ጠዋት ከላፍቶ ተነስታ ወንዙን ተሻግራ ወደ ንፋስ ስልክ ስትደርስ፣ ቅሉን ከጀርባዋ ሳታወርድ የወይራው ጢስ ቀድሟት በር ያንኳኳል። ላም የሚያልብ ሞልቷል፤ ቅል ማጠን ግን እጅ ይጠይቃል። ወይራው በደንብ መድረቅ አለበት። ፍሙ ቅሉ ውስጥ ተጨምሮ፣ ተከድኖ፣ ተንጦ፣ ጢሱ እስኪጠግብ ይቆያል፤ ከዚያ ተጠርጎ ወተቱ ይገባል። ይሄን ከእናቷ ነው የወረሰችው። "የገዲሴን ወተት የለመደ የሌላ አይጥመውም" ሲሏት ደስታዋን የምታደርግበት ይጠፋትና ቅሏን ብቻ ታሻሻለች።

መሠረተ ትምህርት በገባችበት ዓመት ነው እንግዲህ ሁለቱ ህንዶች የመጡት። ባልና ሚስት ናቸው፤ እንግሊዝኛ ሊያስተምሩ ነው የመጡት። ባልዬው ክሪሽናን፣ ሚስቱ ሳሮጂኒ ትባላለች። ቀበሌው ንፋስ ስልክ፣ ከአሰገደች ቤት ጎን፣ አጥር የሚጋራ ቤት ሰጣቸው። አሰገደች ደግሞ የሰፈሩ ሬዲዮ ናት፤ ልዩነቱ እሷን የሚዘጋት ቁልፍ አለመኖሩ ነው።

"ገዲሴ! አንቺ ገዲሴ! ነይ እስቲ ወዲህ!" አለቻት አንድ ጠዋት። "እነዚህ ሰዎች ወተት እንደ ውኃ ነው የሚጠጡት። ሁዳዴ አያውቁ፣ ረቡዕ ዓርብ አያውቁ። እግዜር ያመጣልሽን ሲሳይ ዝም ብለሽ ልታልፊ ነው?" ብላ እጇን ይዛ እየጎተተች አስገባቻት።

ሳሮጂኒ ጆግ ይዛ ወጣች። ገዲሴ ቀዳችላት። ሳሮጂኒ ጆጉን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ ቅንድቧ ብድግ አለ፣ አፍንጫዋ ትንሽ እጥፍ አለ። ወዲያው ግን ፈገግ ብላ "ቆንጆ!" አለች። በዚያን ጊዜ የምታውቀው አማርኛ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ አህያም ስታይ፣ ዝናብም ሲዘንብ "ቆንጆ" ነበር የምትለው።

ገዲሴ ግን ቃሉን ትታ የአፍንጫዋን እጥፋት ይዛ ሄደች። መንገዱን ሙሉ አሰበች። እነዚህ ሰዎች በየጠዋቱ በቀዝቃዛ ውኃ የሚታጠቡ፣ ደጃፋቸውን ቀን ሁለቴ የሚጠርጉ ንጹሖች ናቸው። ቅሌ አልጸዳላቸውም ማለት ነው፤ ጢሱ አንሷቸዋል። በማግስቱ ወይራውን ጨመረች። አፍንጫው ያው ነው። እንደገና ጨመረች።

ይህ ሆኖም እዚያ ቤት መሄድ ትወድ ነበር። ሰዎቹ ለአይን ደስ ይላሉ። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የተማሪ ወረቀት ያርማሉ። ቀይ ስክሪብቶ ያላቸው አንድ ብቻ ነው። እሱ ሲያርም እሷ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ስክሪብቶው እጅ ሲለውጥ ቢላዋውም እጅ ይለውጣል። ከዚያ ክሪሽናን ነጭ ሽርጡን ታጥቆ ወጥ ቤት ይገባል። አሰገደች ይሄን በአጥር ቀዳዳ ያየች ቀን ስኳር ወረፋ ላይ ለተሰለፈው ሁሉ ነገረች።

"ወንድ ልጅ ሽንኩርት ሲያቁላላ በዓይኔ በብረቱ አየሁ! የሚያሳዝነው ደግሞ ሽታው ከእኔ ወጥ ይሻላል።"

ጠዋት በአንድ ጃንጥላ ሥር ሆነው ወደ ትምህርት ቤት ሲወርዱ ልጆቹ ከየአጥሩ "ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!" ይሏቸዋል። ማታ ሲመለሱም ያው "ጉድ ሞርኒንግ" ነው። ሁለቱም ቆም ብለው "ጉድ ኢቭኒንግ" ብለው ያስተካክላሉ፤ ልጆቹም ደስ ብሏቸው "ጉድ ሞርኒንግ!" ብለው ይመልሳሉ። አንድ እሑድ የቀበሌውን ስብሰባ ድግስ መስሏቸው ገብተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንድም ቃል ሳይገባቸው፣ ሰው ሲያጨበጭብ እያጨበጨቡ እስከ መጨረሻው ቆዩ። ገዲሴ ይሄን ስትሰማ ልቧ ተሳበ። ማጨብጨቡን ታውቀዋለቻ።

አንድ ጠዋት እንዲህ ሆነ። ወተቱን ቀድታ ከወጣች በኋላ የቅሉን ክዳን ደረጃው ላይ መርሳቷ ትዝ አላትና ተመለሰች። ሳሮጂኒ ጆጉን ይዛ በጓሮ በኩል ስትዞር አየቻት። ከኮኩ ዛፍ ሥር ጎንበስ አለች፣ ግራ ቀኟን አየች፣ ወተቱን በሙሉ ደፋችው።

ገዲሴ ክዳኑን ሳታነሳ ሄደች።

ቤቷ ስትደርስ ባሏ በንቲ ሞፈር እየጠረበ ነበር። ፊቷን አይቶ "ምነው? ማን ሞተ?" አላት።

"ወተቴን ደፉት።"

በንቲ መጥረቢያውን አስቀመጠ። "መሬት ላይ?"

"ኮክ ሥር።"

"እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እዚያ እግርሽ እንዳይደርስ። ኮካቸውን ዝናብ ያጠጣላቸው።"

ይሄስ ቀላል ነበር። ግን አሰገደች አለች። ገዲሴ ዝም ብላ ብትቀር አሰገደች ምክንያቱን ትጠይቃለች፤ ካጣች ደግሞ ራሷ ትፈጥራለች። "የገዲሴ ወተት ተደፋ" የሚል ወሬ አንዴ ንፋስ ስልክ ከገባ ማን ይመልሰዋል? የእናቷ እጅ፣ የእሷም ስም አብሮ ኮኩ ሥር ሊደፋ ነው። እንግዲህ መጠየቅ አለባት። ሰው ጠይቃ የማታውቀው ሴትዮ፣ ያውም አስተማሪ፣ ያውም ህንድ።

በማግስቱ ቅሉን እንደዚያ ቀን አጥናው አታውቅም። ላሞቹ ሳይቀሩ አስነጠሱ። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስትለማመድ ሄደች። ደጁ ስትደርስ፣ እንደ እድሏ ሆኖ አሰገደች በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋለች፤ ሳሮጂኒም ጆጉን ይዛ ቆማለች።

ገዲሴ አልቀዳችም። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች፤ ከዚያ ደግሞ አወረደችው።

"ወተቴን... ለምን ደፉት?"

ሳሮጂኒ ደነገጠች። "ቆንጆ..." ብላ ጀመረችና ተወችው። ወደ ውስጥ በራሳቸው ቋንቋ ተጣራች። ክሪሽናን ጭልፋውን እንደያዘ መጣ። እሱ ከተማሪዎቹ አማርኛ ለቃቅሟል።

"እህቴ፣ አትቆጪ፣" አለ። "በመጀመሪያው ቀን ወተቱ ጭስ ጭስ አለ። ምስኪን፣ እሳት ላይ ረስታው ተቃጠለባት አልን። ሌላ ቀን ደግሞ ባሰ። ከዚያ የበለጠ ባሰ። ቤቷ ችግር አለ፣ ሐሳብ ይዟት ነው፣ ብንነግራት ታፍራለች፣ ባሏም ይቆጣታል አልን። ስለዚህ ዝም ብለን ገዝተን እንደፋዋለን።"

ገዲሴ ጆሮዋን አላመነችም። "ተቃጠለ? የእኔ ወተት ተቃጠለ?"

"በየቀኑ፣" አለች ሳሮጂኒ በሐዘን።

"አልተቃጠለም!" ከላፍቶ እስከ ንፋስ ስልክ ማንም ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ወጣ። "ወይራ ነው! እኔ ነኝ ያጠንኩት! አውቄ ነው!"

አሰገደች አጥሩን ጨበጠች። "አውቄ ነው አለች! ወይኔ ሆዴ! ሰው ስሙልኝ!"

ገዲሴ ግን ከጀመረች አላቆመችም። ቅሉን ከፍታ በክሪሽናን አፍንጫ ሥር አደረገችው። "ሚስትዎ አፍንጫቸውን ሲያጥፉ ቅሌን ቆሽሾ ያገኙት መስሎኝ ጨመርኩ። ሲያጥፉ እኔ ስጨምር፣ ሲያጥፉ እኔ ስጨምር። ዛሬማ ወይራ አልቀረኝም!"

ክሪሽናን አንዴ አሸተተና አስነጠሰው። ለሚስቱ በቋንቋቸው ነገራት። ሳሮጂኒ ቅሉን አየች፣ ኮኩን አየች፣ ገዲሴን አየች። ከዚያ የሳሪዋን ጫፍ ወደ አፏ ስባ መሳቅ ጀመረች። ገዲሴም ነጠላዋን ስባለች። ሁለቱ ሴቶች አፋቸውን ሸፍነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እየተያዩ ቆሙ።

"እንግዲያው ይደፋ ወይስ ይቀዳ?" አለች አሰገደች። "ካልፈለጋችሁት እኔ አለሁ። እንዲህ የታጠነማ ለሰርግም አይገኝ።"

የዚያን ቀኑን አሰገደች ወሰደችው። ለህንዶቹ ያልታጠነ ለየብቻ እንዲመጣላቸው ተስማሙ።

መስማማቱ ቀላል ነበር፤ መሸከሙ ነው የከበደው። ገዲሴ አንድ ንጹሕ ጣሳ በፈላ ውኃ አጥባ ወተቱን እንዲያው ያለምንም ጢስ ጨመረችበት። ወተቱ ራቁቱን የወጣ ሰው መሰላት። በንቲም አሸተተና "ይሄ ወተት ነው ወይስ ነጭ ውኃ?" አላት። በነጠላዋ ሸፍና ስትሄድ አንድ ነገር ብቻ ፈራች፤ ደንበኛ አስቁሟት ከዚህኛው ቢቀምስስ? ስሟ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ ዝም ማለት አልቻለችም። ወንዙ ጋ ሰው ባየች ቁጥር፣ ሰላምታም ሳይቀድም፣ ማንም ሳይጠይቃት ጣሳውን ከፍ አድርጋ ትጣራ ጀመር፦

"ይሄኛው የህንዶቹ ነው! የእኔ ቅሉ ውስጥ ያለው ነው!"

መሠረተ ትምህርት ላይ ጎኗ የምትቀመጠው ሴትዮ አንድ ጠዋት ልብስ ስታጥብ ከወንዙ ማዶ ይሄን ሰማች። ቀና ብላ ማን መሆኑን ባየች ጊዜ ሳሙናው ከእጇ አመለጠ።

"ገዲሴ! አንቺ ነሽ የምትጮኺው? ታዲያ ፊደሉን እኔን ለምን አስለፈለፍሽኝ!"