ለከድር የታረደው በግ

ይህን ለሚስቴም አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው “ሌላስ?” ባሉኝ ቁጥር “ሌላ የለም” እላለሁ። አለ። ለማያውቁኝ ለእርስዎ ልናገረው።

ከጎጃም መጥቼ አውቶቡስ ተራ ስወርድ በዚህ ከተማ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ያስጠጋኝ ከድር ነው። ምናለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ይሠራል። ያለችው አንድ ክፍል ነበረች፤ ግማሿን ሰጠኝ። ታይፎይድ የጣለኝ ጊዜ ሥራውን ትቶ አጥቦኛል፣ አጉርሶኛል፤ በዚያ ጥላሸቱ በማይለቅ እጁ። እጁን ያስታውሱልኝ።

ኋላ ቀናኝና አንዋር መስጊድ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ከፈትኩ። መኪና ያላቸው፣ ሰው ሲያዩ ከጫማው የሚጀምሩ ወዳጆችም አፈራሁ። ላገባ ስነሳ ሚዜዬ ከድር እንደሆነ የታወቀ ነበር። ለሱፉ ሲለካ እጆቹን ዘርግቶ፣ “እኔ ካማረብኝ ሙሽራዋ ባሌ እሱ ነው ብላ እንዳትይዘኝ!” እያለ ይስቃል። ከአዲሶቹ ወዳጆቼ አንዱ የተዘረጋውን እጅ አየና ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ በቃችኝ።

በማግስቱ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ምን ያልኩት ይመስልዎታል? “የልጅቷ ቤተሰቦች ሙስሊም ሚዜ አንፈልግም አሉ።” ማንም አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት። ከድር መዶሻውን አስቀመጠ። “በቃ፣ በእኔ የተነሳ ከአማቶችህ እንዳትቀያየም። አላህ ያሳምርልህ” አለኝ። ምነው ተናዶ በሰደበኝ!

በሠርጉ ዕለት በእሱ ቦታ ያ ፈገግ ያለው ሰው ቆመ። አማቴ እትዬ ዘውዴ ጎትተው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። “በታመምክ ጊዜ ያስታመመህ ልጅ የታለ? ለእሱ ብዬ በግ በሙስሊም አሳርጃለሁ፤ ድስቱም አዲስ ነው” አሉኝ። አሞት ቀረ አልኳቸው። ድርሻውን በሳህን አድርገው፣ ሸፍነው፣ “አደራ፣ አድርስለት” ብለው ሰጡኝ። ባደርስለት ውሸቴ ይወጣል። መኪና ውስጥ ተበላሽቶ ጣልኩት።

ሱቄ ሲቀዘቅዝ ባለመኪኖቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ስልኬ በስማቸው ሞልቷል፤ ዛሬ ብታመም ግን የምደውልለት የለኝም። የቀረኝ ከድር ነው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲወጣ በሱቄ በር ያልፋል። “ሰላም ነህ? ልጆች ደህና?” ይለኛል። ቤቴን ግን አንድም ቀን ረግጦት አያውቅም፤ ልጆቼን በመልክ አያውቃቸውም። ለምን? እትዬ ዘውዴን ላለማስቀየም! እሳቸው ደግሞ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር “ያ ልጅ ምን አድርገነው ጠላን?” ይሉኛል።

እንዳይጎዳ ብዬ ነው ዝም ያልኩት እል ነበር። ውሸት ነው። ያሳፈረኝ ሃይማኖቱ ሳይሆን ያ ያጎረሰኝ እጅ መሆኑን ካወቀ በበሬ ማለፉን ይተዋል። ከዚያ ወዲያ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል ደህንነቴን የሚጠይቅ ማን ይቀረኛል? እኔ ዛሬም የማስበው ለራሴ ነው። እርስዎን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም።

ባለፈው ዓርብ ልነግረው ቆርጬ በር ላይ ጠበቅሁት። መጣ።

“ልጆች ደህና?” አለኝ።

“ደህና ናቸው” አልኩት።