ጨረር የሚረጩት አምስት ኮቶች

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አሜሪካ ውስጥ ከምኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እየነዳሁ በበጎ ፈቃድ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ አምስት ቻይናውያን ነበሩ። አዲስ አበባ መምህር ሳለሁ ኩረጃ ስይዝ ስለኖርኩ፣ ዓይኔ ከወረቀቱ በፊት የሚያየው የተማሪውን እጅ ነው።

አንድ ቅዳሜ "ሴትየዋ ላይት ኮት ለብሳለች" የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጽፌ በሥዕል እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። ላይት እዚህ ላይ ስስ ማለት ነው። አምስቱም ግን እንደ አምፖል ጨረር የሚረጭ ኮት ሳሉ። በሳምንቱ አራርቄ አስቀመጥኳቸውና "ካምፓኒው ሰውየውን ፋየር አደረገው" የሚል ሰጠኋቸው። ከሥራ የተባረረ ሰው ስጠብቅ፣ አምስቱም በእሳት የሚነድ ሰው ሳሉልኝ።

ትክክል ቢመልሱ ኖሮ አልጠረጥርም ነበር። አምስት ሰው እንዴት አንድ ዓይነት ስህተት ይሳሳታል?

አስኮርጇል ብዬ የጠረጠርኩት በዕድሜ ትልቁን ሰውዬ ነው። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ እዚያው አቅራቢያ ሀያትስቪል ከተማ ልጃቸው ጋ ይኖራሉ። በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ይከቧቸዋል፤ እኔ ስጠጋ ዝም ይላሉ። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀት እጅጌያቸው ውስጥ ሲከቱ አየሁ።

"ምንድነው የደበቁት?" አልኳቸው ሁሉም እየሰሙ።

ቀስ ብለው አወጡት። የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረዋል፤ ከየቃሉ ጎን በቻይንኛ አንድ ትርጉም ብቻ ተጽፏል።

"ከትንሿ መዝገበ ቃላቴ ገልብጬ ነው። ረቡዕ ረቡዕ አብረን እናጠናዋለን።"

"ታዲያ ለምን ይደብቁታል?"

"ቲቸር፣ የመጀመሪያ ቀን 'ክፍል ውስጥ በቋንቋችሁ አትጻፉ' ብለሽናል።"

ብያለሁ። ፊቴ ጋለ። ሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ያንን ሕግ ሻርኩና ላይት የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከሥሩ ብርሃን፣ ስስ፣ የማይከብድ፣ መለኮስ የሚሉትን በእንግሊዝኛ ዘረዘርኩ። ደስ ይላቸዋል ስል አንዷ ሴትዮ ትክ ብላ አየችኝ።

"ይህን ሁሉ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?"

ከዚያ በኋላ ተጠርጣሪዋ እኔ ሆንኩ። ቡክ መጽሐፍ ነው ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ቦታ ማስያዝም መሆኑን እስክናገር ብዕር አያነሱም። አንዳንዴ ሁለተኛ ትርጉም የሌለው ቃል ያጋጥመናል፤ ያን ቀን ጨርሶ አያምኑኝም።

ወደ ክረምቱ መጨረሻ ሰውዬው ልጃቸው ልትፈርም ያለችውን የቤት ኪራይ ውል ይዘው ክፍሉ በር ላይ ጠበቁኝ። ፓርቲ በሚለው ቃል ሥር ሦስት ጊዜ አስምረውበታል።

"አከራይ ድግስ አይደግስልንም" አሉኝ። "ይሄ ቃል ሌላ ነገር አለበት።"

"ልክ ነዎት፤ ተዋዋይ ወገን ማለት ነው" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን ውሉን አጣጥፈው ኪሳቸው አልከተቱትም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ጣታቸውን የመጀመሪያው መስመር የመጀመሪያ ቃል ላይ አሳረፉ። ያን ቀን ትምህርቱን ግማሽ ሰዓት ዘግይተን ጀመርን።