የእህቴ ባለ ጥለት ጓንቶች

ልጄ ዝናብ መትቷት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሹራቧን አውልቄ ወንበር ላይ ሳሰጣው፣ የረጠበው ሱፍ ሽታ ቤቱን ይሞላውና አሶሳ ዳር ወደነበረው የልጅነት ቤታችን ይወስደኛል። እናቴ የአባቴን አሮጌ ሹራብ ተርትራ፣ ክሩን አጥባ፣ በሁለት ወንበሮች መካከል ወጥራ ያደረቀችበት ክረምት ትዝ ይለኛል።

ወላጆቼ ከወለጋ ደጋ የመጡ ነበሩ። አባቴ ያንን ወፍራም ቀይ ሹራብ ይዞት ቢመጣም፣ የአሶሳ ሙቀት አላስለብስ ብሎት ሳጥን ውስጥ ተኝቶ አብዛኛውን ብል በልቶት ነበር።

በዚያ ዓመት በጋ ላይ ታላቅ እህቴ ጫልቱ ከምድጃ ስታወርድ የገንፎው ድስት ተገልብጦባት የግራ እጇ ጀርባ እስከ አንጓው ተቃጠለ። ቁስሉ ዳነ፣ ጠባሳው ግን ቆዳዋን ጨምድዶ ቀረ። ጣቶቿ እንደ ልብ ይታዘዙላት ነበር፤ እሷ ግን እጇን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከትታ መዋል ጀመረች። ደጅ ወጥተን እጅ ለእጅ ተያይዘን ክብ ስንሠራ፣ ማየት ይበቃኛል እያለች አጥሩ ሥር ትቀመጥ ነበር። ትምህርት ሊዘጋ ሲቃረብማ ጭራሽ ለመስከረም እንደማትመዘገብ ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ አልተቆጣችም።

«እስኪ መጀመሪያ ክረምቱ ይውጣ» ብቻ አለቻት።

እናቴ ሹራብ መሥራት ከልጅነቷ ታውቅ ነበር፤ በሁለት ቀለም ክር ጥለት ማውጣት ግን ሞክራው አታውቅም። ጥለቱን ያገኘችው ከጎረቤታችን ከእማማ ሐሊማ ነው። እማማ ሐሊማ የበርታ ሴት ነበሩ፤ ከዘንባባ ቅጠል በሰፉት የምግብ መክደኛ ላይ ቀይና ነጭ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች እየተያያዙ ዙሪያውን ይሄዱ ነበር። እናቴ መክደኛውን ተውሳ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ በሹራቡ ቀይ ክር መሀል ነጭ እያስገባች፣ ጫልቱ እስክሪብቶ መያዝ እንድትችል ጣታቸው ክፍት የሆነ ጓንቶች ትሠራ ነበር። መጀመሪያ የሠራችው፣ በጀርባ በኩል የሚያልፈውን ክር አጥብቃ ስለሳበችው ተጨማዶ የጫልቱን እጅ አላስገባ አለ፤ ሳቀችና ፈታችው። እንደገና ስትሠራው እጇ ገባ፣ ነገር ግን የውስጡ ክር ጠባሳውን እየኮረኮረ አላስቀምጥ ስላላት፣ እናቴ ከአሮጌ ነጠላዋ ቆርጣ ገበር አደረገችለት። ለቀኙ ተራ ሲደርስ የአባቴ ሹራብ ክር አለቀና፣ ከገበያ በተገዛ ደብዘዝ ያለ ቀይ ተሠራ።

መስከረም ሲጠባ ጫልቱ ጓንቶቿን አጥልቃ ተመዘገበች። ልጆቹ ጌጥ መሰላቸውና ከበው ያዩላት ነበር፤ እጇም ከኪሷ ወጣ። ሆኖም ጥላ ሥር እንኳ በሚያልበው በመጋቢት ሙቀት ከቤተሰብ ሌላ ሰው እያያት የግራውን አታወልቀውም ነበር።

በዚያው መጋቢት የእማማ ሐሊማ የልጅ ልጅ አስማ፣ የጫልቱ የክፍል ጓደኛ፣ ቤታችን መጥታ አንዱን ልሞክረው ብላ ለመነቻት። ጫልቱ የቀኙን አውልቃ ዘረጋችላት። ቤቷ የሚነገረው የበርታ ቋንቋ ስለነበር አስማ አማርኛውን ቆጠብ አድርጋ ነበር የምትናገረው።

«ይሄ አይደለም» አለች ወደ ግራው እያመለከተች። «ያ ይሻላል። ያ ቀይ ነው።»

ምስር ትለቅም የነበረችው እናቴ እጇን ገታች። ጫልቱ ግራ እጇን አየችና ጓንቱን ቀስ ብላ አወለቀችው። አስማ ጎንበስ ብላ የተጨማደደውን ቆዳ አየች።

«ያምሻል?»

«ድሮ ነበር። አሁን አያምም።»

አስማ የቀኙን መልሳ የግራውን ጓንት አጠለቀች፣ በሌላው እጇ የጫልቱን ባዶ እጅ ይዛ ወደ ደጅ ጎተተቻት፣ እኔም ተከትዬ ሮጥኩ። የሰፈሩ ልጆች ክብ ሠርተው ሲጫወቱ ገባንበት፤ ጫልቱ መሀላችን ሆና ፀሐይ እስክትጠልቅ አብራን ዞረች። እናቴ በር ላይ ቆማ ስታየን ቆየች፤ ስንመለስ ምስሩ ሳይለቀም እንደተወችው ነበር።

ዛሬ አሶሳ ገበያ በየቀለሙ የተሠራ ጓንት ሞልቷል፤ ሞተረኞች ገዝተው ሲያረጅ ይጥሉታል። ጫልቱ ባምባሲ ከተማ ታስተምራለች፤ ዓይኗ የደከመው እናቴም እሷ ዘንድ ትኖራለች። ያኔ እናቴ ጫልቱን ይዛ ወደ ገበያ ስትወጣ፣ እንዳታሳምማት እየሰጋች ሁልጊዜ በጫልቱ ቀኝ እጅ በኩል ነበር የምትሄደው። አሁን መንገድ የምትመራት ጫልቱ ናት፤ እናቴም ቀድሞ የመጣላትን እጅ ይዛ፣ የትኛው መሆኑን ሳታስብ፣ ወሬዋን እያወራች ትሄዳለች።