ቃላቸውን በታንኳ ያደረሱ ሰው

የመንደራችን የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ፣ የእኔ ባለቤት አቶ ፈንቴ፣ በመስከረም መጨረሻ ሰው ሁሉ ለሰሊጥ አጨዳ ማጭዱን በሚስልበት ሰሞን በቤታቸው ዐርፈዋል። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገለጉ የምታውቋቸው ብዙ ናችሁ፤ አዝመራ ይዟችሁ ለቀብራቸው ያልደረሳችሁም አላችሁ። የምጽፈው ለእናንተ ነው። ቀስ እያልሁ ነው የምጽፈው፤ በቀን ከጥቂት መስመር በላይ አይሆንልኝም።

የተወለዱት በጣና ዳር ነው። ወደ ቆላ የወረዱት እንደ ብዙው ሰው ለሰሊጥ አረም ነበር። አረሙ ሲያልቅ ጓደኞቻቸው ወደ ደጋ ተመለሱ፤ እርሳቸው ግን አንድ የተበላሸ ሞተር ሲፈታ ቆመው አይተው በዚያው ቀሩ። ሞተር ሲከፍቱ ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ በነጠላቸው ላይ ይደረድሩ ነበር። ማንም እንዲነካባቸው አይፈቅዱም። «የተፈታ ነገር መመለሻውን የሚያውቀው ዝም ብለው ከተዉት ነው» ይሉ ነበር። ለመክፈል ያፈረን ሰው ካዩ ደግሞ ቀድመው «ሲደርስልህ ሁለት ራስ ሽንኩርት ታመጣልኛለህ» ብለው ዕቃቸውን ይሰበስባሉ።

እኔን ግን እስከ ዛሬ ከልቤ የማይወጣው አንድ ጉዟቸው ነው። ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ በትክክል የሰማችሁት ግን ጥቂቶች ናችሁ።

ጉዞውን ባደረጉበት ዓመት ዝናቡ በወቅቱ ሳያባራ ቀረና ታስሮ የቆመው ሰሊጥ በሂላው፣ በነዶው ክምር ላይ በሰበሰ። መንደሩ ባዶ እጁን ቀረ። አቶ ፈንቴ በየቤቱ እየዞሩ «ወንዝ ዳር ሽንኩርት ትከሉ፤ ውኃው በእኔ ይሁን» አሉ። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ይርጋ ምላሳቸው እንደ ምላጭ ነው።

«ሞተር ይታመናል ያለህ ማን ነው? በሬ እንኳ ይሞታል» አሏቸው።

«በሬ ሲሞት መለዋወጫ የለውም፣ አባ። ሞተር አለው።»

«እንግዲያው አንተም መለዋወጫ ፈልግ፤ ሽንኩርቱ ከደረቀ በቁምህ ነው የምንበላህ።»

እየሳቁ ተከሉ። እኔም ከሁሉ ጫፍ ትንሽ መደብ ያዝሁ።

በኅዳር፣ ቅጠሉ ስንዝር ሲያልፍ፣ ሞተሩ ጨሰና ቆመ። የፒስተኑ ፋሻ ነው አሉ፤ ያ ጉልበቱን አምቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት። ቀለበቱን ፍለጋ ጎንደር ወጡ። አግኝተው ሲመለሱ የጫናቸው መኪና በሽንፋ ወንዝ የላይኛው መሻገሪያ ላይ ቆመ። ከዚያ በታች መንገዱ ተዘግቷል፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሹፌሩ «አያ ፈንቴ፣ ይግቡ እንጂ» ቢላቸው «መንገዱ ቢዘጋም ወንዙ ወደ ቤቴ ነው የሚፈሰው» ብለው ወረዱ።

በመሻገሪያው አጠገብ ለዳስ የተቆለለ ደረቅ የፊላ ሣር ነበር። ባለቤቱን ለምነው ወሰዱ፤ በቃጫ ገመድ እያሰሩ የጣናን ዓይነት ታንኳ አበጁ። በሽመል እየቀዘፉ ብቻቸውን ወረዱ። ስልክ አይሠራም ነበርና እኛ ይህን ሁሉ አናውቅም። በጀሪካን እየቀዳን ሽንኩርቱን እናጠጣ ነበር፤ ጫፉ ግን ቢጫ እየሆነ ሄደ። አባ ይርጋ መቀለድ አቆሙ። ሴቶቹ ወንዝ ዳር ሲያዩኝ ወሬ ያቋርጡ ጀመር።

ቆላ ብርድ የለውም የሚል ሰው በኅዳር ወንዝ ዳር አድሮ አያውቅም። ቀን እግር የሚያቃጥለው አሸዋ ፀሐይ ስትጠልቅ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ከውኃው የሚነሣው ነፋስ በጋቢ ውስጥ አልፎ አጥንት ይነካል። እርሳቸው ደግሞ ቀኑን በውኃ ሲርሱ የሚውሉ ናቸው። ከከብት ጠባቂዎች የተማሩት ዘዴ ነበራቸው። በአሸዋው ላይ በቁመታቸው ልክ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ወንዙ ያመጣውን እንጨት ያነዱበታል፤ ፍሙን ጠርገው ያወጡና ስንዝር ያህል አሸዋ ይመልሱበታል። አሸዋው እንፋሎቱን እስኪጨርስ ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚያ ኬሻ አንጥፈው ይተኛሉ። በመጀመሪያው ሌሊት መጠበቁን አላወቁበትም ነበርና ጀርባቸው ረጥቦ እየተንቀጠቀጡ አደሩ። በሁለተኛው ግን «የእናቴ መደብ ላይ የተኛሁ መሰለኝ» ብለውኛል።

ሲነጋ ወንዙ ይጨሳል አሉ፤ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ጉም ይተኛበታል። አንድ ቀን ታንኳቸው ላይ ወጥተው ጥቂት እንደቀዘፉ ወደ ኋላ ቢያዩ፣ የዝንጀሮ መንጋ ከገደሉ ወርዶ እርሳቸው ተኝተውበት በነበረው ትኩስ አሸዋ ላይ ተሰብስቦ ተቀምጧል። እናቶቹ ልጆቻቸውን ወደ መሐል አስገብተዋል። መቅዘፊያቸውን አንሥተው ቆመው አዩ። «እንደ እኔው በርዷቸው ነበር ለካ። ሌሊቱን ሙሉ ከላይ ሆነው መነሣቴን ሲጠብቁ አድረዋል» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን እንደሚናገር ሰው።

ፊላ ውኃ ይጠጣል፤ ታንኳው በየቀኑ ተነሥቶ ካልደረቀ ይከብዳል። ጣና ዳር ማታ ማታ ከውኃ አውጥተው ዳርቻው ላይ ያቆሙታል። በሦስተኛው ሌሊት ድካሙ ጠናባቸውና እጃቸው በልጅነት የለመደውን ሠራ፤ ታንኳውን በአፈሩ ዳርቻ ላይ አቁመው ተኙ። ስለ ቆላ ምስጥ የደጋን ሰው ሁሉ የሚያስጠነቅቁት እርሳቸው ነበሩ። የቤታችንን ምሰሶዎች በተቃጠለ ዘይት የቀቡት እርሳቸው ናቸው። ሲነጋ ቢያነሡት ምስጥ የበላው የታንኳው ግማሽ እንደ ገለባ በእጃቸው ላይ ፈረሰ።

«ያን ጊዜ ምን አሉ?» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ።

«ምን እላለሁ? ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሽንኩርቱ ትዝ አለኝና አፈርሁ።»

የተበላውን ቆርጠው ጣሉት። የቀረው ቢሸከማቸውም እግራቸው እስከ ጉልበት ውኃ ውስጥ ይገባ ነበር። ታንኳውን እያደረቁ እንዳይሄዱ ቀኑ አይበቃም፤ ሳያደርቁ ከሄዱ ደግሞ ይሰምጣል። ስለዚህ ጧት ጧት እየቀዘፉ፣ ቀትር ላይ በድንጋይ ላይ እያደረቁ፣ ከዚያ እስከ ምሽት እንደገና እየቀዘፉ ሦስት ቀን መጡ። ቀለበቱን በላስቲክ ጠቅልለው ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረውት ነበር። «እኔ ብሰምጥ እንኳ ሬሳዬን ታገኙታላችሁ፤ እሱ ግን ትንሽ ዕቃ ነው» ብለው ነገሩኝ፤ አልቀለዱም።

የደረሱት በስድስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። ጀሪካኔን እየሞላሁ ነበር። ከወንዙ መታጠፊያ ላይ አንድ የፊላ ነዶ ሰው ጭኖ ብቅ አለ። እግራቸው ነጭ ሆኖ ተሸብሽቧል። አባ ይርጋ ወደ ዳር ወረዱ።

«ፋሻ አምጣ ብለን ላክንህ እንጂ ዓሣ ሁን አልንህ?» አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል።

አቶ ፈንቴ እህል ሳይቀምሱ ሞተሩን ከፈቱ። ከሰዓት በኋላ ውኃው በቦዩ መጣ። መጀመሪያ በጣም ወደጠወለጉት መደቦች መሩት፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ። የእኔ መደብ ተራ ሲደርሰው ሦስት ቀን አልፎ ነበርና ደርቆ ቀረ። ተቆጣሁ።

«እነሱ የተከሉት በእኔ ቃል ነው፤ አንቺ የተከልሽው በራስሽ ነው» አሉኝ። ሁለት ቀን አላናገርኋቸውም። በሦስተኛው ቀን አባ ይርጋ «ሚስትህ ዝም ካለችህ አሁን መንገድ ተዘጋብህ» ሲሏቸው ሰምቼ ሳቅ አመለጠኝ። መንደሩ ያን ዓመት በሽንኩርት ከረመ።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላም በየዓመቱ በኅዳር አዲስ ታንኳ አስረው ብቻቸውን ይወርዱ ነበር፤ በየዳርቻው ያለውን ፓምፕ እየፈተሹ። መኪና እያለ ለምን በብርድ እንደሚንገላቱ ጠየቅኋቸው። «በዚያ አሸዋ ላይ ስተኛ ፈጣሪ ሥራውን ሲሠራ የማየው ይመስለኛል። ሰው ከጨመርሁበት ወሬ ይሆናል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጠይቄያቸው አላውቅም። ስንቃቸውን ብቻ አዘጋጅ ነበር።

አቶ ፈንቴ፣ ኅዳር ገብቷል። ሽንኩርቱ ተተክሏል፤ ሞተሩ ሲሠራ ከቤት ሆኜ እሰማዋለሁ። ለማንም የቀረብዎት ቃል የለም። አሁን በሚሄዱበት የሚጠወልግ ተክል አይጠብቅዎትምና፣ እንግዲህስ አይቸኩሉ፤ እያዩ፣ ደስ ባለዎት ዳርቻ እያረፉ፣ ቀስ ብለው ይሂዱ።