የተኛው ሻይ

የነጭ ሻይ ከረጢት በከፈትኩ ቁጥር፣ የደረቀ ሳርና የማር ሽታው አሜሪካ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ወደነበረው የእማማ ሊን ኩሽና ይመልሰኛል።

እማማ ሊን ታይዋናዊት አሮጊት ነበሩ። እናቴ እሳቸውን መንከባከብ የጀመረች ዕለት እኔንም ይዛኝ ሄደች፤ ሰባት ዓመቴ ነበር። «ሻይ አምሮኛል» አሏት። እሷ ሆዬ፣ እህታቸው ከአገራቸው የላኩላቸውን ነጭ ሻይ በቅርንፉድና በቀረፋ ጥቁር እስኪሆን አንተከተከችው፤ ስኳሩንም አልሰሰተችም።

አንዴ ፉት ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«በቃ፣ ሥራዬ ዛሬውኑ አለቀ» አለች እናቴ በጆሮዬ።

እሳቸው ግን ተነሥተው ሌላ ውሃ አፈሉ፤ ትንሽ በረድ ሲልም ብርማ ቀለም ባለው የነጭ ሻይ ቅጠል ላይ በቀስታ አፈሰሱት።

«ቅጠሉ ተኝቷል፤ አትቀስቅሱት፣ ራሱ ይነቃል» አሉን።

እውነት መስሎኝ ትንፋሼን ያዝኩ። ቅጠሉ ውሃው ውስጥ እየተንሳፈፈ ቀስ ብሎ ተዘረጋ።

«ውሃ ውሃ ይላል!» አልኩ ስቀምሰው። እናቴ ቆነጠጠችኝ።

እማማ ሊን እየሳቁ የእናቴን ጥቁር ሻይ ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ነገም ነይ» አሏት። «ጠዋት የእኔን፣ ከሰዓት የአንቺን እንጠጣለን።»

ዛሬ ልጄ፣ «ማሚ፣ ምን እየጠበቅሽ ነው?» ስትለኝ፣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደርጋለሁ።

«ዝም በይ፣ ተኝቷል።»