ያልታጠበው ፊልም

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ፎቶ ቤቴን ስከፍት አንዲት አሮጊት ደንበኛዬ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች በርካሽ የምትለቅመውን የፊልም ካሜራ ሁሉ ትሞክራለች። ብርሃን የሚያስገባውን በጥቁር ፕላስተር ታሽገዋለች፤ ክዳኑ አልገጥም ያለውን በፀጉር ማስያዣ ላስቲክ ታስረዋለች። ላስቲኩ ሮዝ ነው፣ የልጅ። የእሷ ፀጉር ግን ላስቲክ የማይዘው አጭር ሽበት ነው።

የምታነሳው ባዶ ወንበር፣ አጥር፣ የተሰጣ ልብስ ነው። ፊልሞቿን ሳጥብላት ግማሹ ብርሃን ገብቶበት ተቃጥሎ ይወጣል።

"ይሁን፤ ካሜራውም እንደኔ አርጅቷል፣ ያየውን ሁሉ አይዝም" ትላለች፣ እየሳቀች።

ከቦርሳዋ ግን ሁልጊዜ አንድ የቆየ ፊልም አብሮ ይወጣል። ከሌሎቹ ጋር ባንኮኒው ላይ ታሰልፈዋለች፣ በአውራ ጣቷ ታሸዋለች፣ መልሳ ትከተዋለች። ከመታሸቱ ብዛት ላዩ ላይ የነበረው ጽሑፍ ለቋል።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ባለፈው ቅዳሜ፣ "እትዬ፣ ፊልም ሲቆይ ይበላሻል። ይሄንንም ልጠብልዎት?" አልኳት።

እጇ ፊልሙ ላይ ቀረ።

"ልጄ ናት ያለችበት" አለች።

"እንግዲያማ ዛሬውኑ እናጥባታለን" አልኩ፣ ለደንበኛ ሁሉ እንደምለው።

መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው።

"በእነዚህ እጆቼ አጥቤ ገንዣታለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ሁለተኛ አትታጠብም።"