እናቴ ለፈተና ስትዘጋጅ የገጠምኩት ማዘርቦርድ

አርብ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ከጠረጴዛው ሥር «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማን፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። እጆቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ መብራቱን ስትጠብቅ የነበረችው እናቴ ጣቶቿን ሰበሰበች።

«ምን ነክቼ ነው?» አለች።

«አንቺ ምንም አልነካሽም እማ። ኃይሉ በዝቶ ነው።»

ማብሪያውን ደጋግሜ ተጫንኩት። ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልተነሳም።

እናቴ ጸሐፊ ናት። በአንድ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት በኮንትራት ሠርታለች፤ ኮንትራቱ በሚታደስበት ወር ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጥራታል። በዚያ ሰሞን ክፍለ ከተማው ቋሚ ጸሐፊ ለመቅጠር ማስታወቂያ አውጥቶ ነበርና ተመዘገበች፤ የጽሑፉን ፈተና አለፈች። የቀራት የተግባር ፈተናው ብቻ ነበር፤ አንድ ገጽ አማርኛ ይሰጣታል፣ በተወሰነው ደቂቃ ውስጥ ያለ ስህተት ትጽፈዋለች። ፈተናው ሐሙስ ጠዋት ነው።

ችግሩ እናቴ መጻፍ የተማረችው በልጅነቷ ደሴ ውስጥ፣ በጽሕፈት መኪና መሆኑ ነው። የመሥሪያ ቤቷም ኮምፒውተር የፊደሎቹ አቀማመጥ እንደዚያው እንደ ድሮው ነው። ፈተናው ግን አሁን ሁሉም ሰው በሚጠቀምበት፣ ፊደሉን በድምፁ እየፈለጉ በሚጽፉበት አቀማመጥ ይሰጣል ተባለ። ስለዚህ ያንን ፕሮግራም ገርጂ ባለው ቤታችን ኮምፒውተር ላይ ጫንኩላት፤ ከሥራ ስትመለስ በየቀኑ ስትለማመድ ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ጣቶቿ አዲሱን ቦታ መልመድ የጀመሩት ገና በዚያ ሳምንት ነበር። እኔ ላፕቶፕ የለኝም። ኮምፒውተሩ ካልተነሳ እናቴ ስድስት ቀን ሙሉ ሳትለማመድ ልትፈተን ነው።

«እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ።

አባቴ በር ላይ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ከመገናኛ ቦሌ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው።

«ገና ፍሬሽማን አይደለሽ እንዴ?» አለኝ።

«ክረምት ላይ የጥገና ኮርስ ወስጃለሁ እኮ አባ።»

«ሁለት ወር። እኔ በሁለት ወር መሪ እንኳን አላስያዙኝም።»

ነገር ግን በማግስቱ ጠዋት ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም የወሰደኝ እሱ ነው። የኮምፒውተሩን ኬዝ ጭኔ ላይ አድርጌ ጋቢና ተቀመጥኩ፤ ተሳፋሪዎቹ ከኋላ እያዩ ምን እንደሆነ ይጠይቁኝ ነበር። ከሕንፃዎቹ በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች አሉ። የአንደኛው ባለቤት ኬዙን ከእጄ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው።

«ማን ነው የላከሽ እህቴ?»

«ማንም። የቤታችን ነው፤ ራሴ ነኝ የምገጥመው።»

«ኢንጂነር ነሽ?»

«አንደኛ ዓመት ነኝ።»

«የምን?»

«ገና ትምህርት ክፍል አልተመደብንም።»

«በይ ነይ እዪ፣ ያልተመደብሽው ኢንጂነር» አለኝና ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ በስልኩ መብራት አሳየኝ። እንደ ትንንሽ ጣሳ ከቆሙት ነገሮች የሦስቱ አናት አብጧል፤ አጠገባቸው ቦርዱ ጠቁሯል። ኃይል የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ለብቻው አስነሳው፤ ይሠራል። የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ሌላ ቦርድ ላይ አድርጎ ሞከረው፤ ተርፏል። የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ሲያወልቀው ግን ከአራቱ የፕላስቲክ እግሮች አንዱ ተሰበረ። ስላረጀ ነው ብሎ አዲስ ማቀዝቀዣ ከነእሽጉ፣ ከአዲስ ማዘርቦርድና ሙቀት ከሚያስተላልፍ ቅባት፣ ከትንሽ የፔስት መርፌ ጋር ሰጠኝ።

«እዚሁ ብገጥምልሽ ይሻላል። ከፊትሽ ሰባት ኮምፒውተር ስላለ ግን ማክሰኞ ማታ ነው የምትወስጂው።»

ማክሰኞ ማታ ማለት ለእናቴ የሚተርፋት ረቡዕ ብቻ ነው። አመስግኜው ወጣሁ።

ሥራውን በደብተሬ ላይ ከአንድ እስከ አሥራ ሰባት ተራ ቁጥር ሰጥቼ ጻፍኩት። እሑድ ጠዋት የምግብ ጠረጴዛውን አጸዳሁና ከሾላ ገበያ የተገዛችውን ካቻቢቴያችንን፣ ብሎኖቹን የማስቀምጥበትን ሲኒና ደብተሩን ደረደርኩ። ማንኛውንም ዕቃ ከመንካቴ በፊት የመስኮቱን ብረት እነካለሁ።

«መስኮቱ ምን አደረገሽ?» አለች እናቴ።

«ገላዬ ላይ ያለችው ኤሌክትሪክ ብረቱ ላይ እንድትቀር ነው። ቦርዱ ላይ ካረፈች ታበላሸዋለች።»

«እንዲህ ከሆነማ እኔም ልራቅልሽ» ብላ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሳበች። የጠፋውን ኮምፒውተር ኪቦርድ ከፊቷ አድርጋ፣ አንድ አሮጌ ጋዜጣ ሶፋው ላይ አስደግፋ፣ ምንም በማይታይበት ትጽፍ ጀመር። ገመዱ የትም አልተሰካም። አልፎ አልፎ ብቻ ትጠይቀኛለች።

«'ቀ' የት ነበረች?»

«ኪው ላይ።»

«አዎ፣ ኪው። ምን ዓይነት ቦታ ነው።»

ፕሮሰሰሩን በጥግ ባለችው ወርቅማ ሦስት ማዕዘን ምልክት አመሳስዬ ለቀቅኩት፤ ሳልጫነው በራሱ ገባ፤ መቆለፊያውን መለስኩ። የምስር ፍሬ የምታክል ፔስት መካከሉ ላይ አደረግሁ። አዲሱን ማቀዝቀዣ አስቀምጬ አራቱን እግሮች ሰያፍ እየተከተልኩ ተጫንኳቸው፤ አራቱም ቀጭ አሉ። የማስታወሻውን ካርድ፣ ራሙን፣ በሁለት ጎኑ እስኪቆልፍ ገፋሁት። ብዙ ሰው የሚረሳውን የኬዙን የኋላ ቆርቆሮ አልረሳሁም። ኬዙ ውስጥ ቦርዱ የሚያርፍባቸው የነሐስ እግሮች አሉ፤ ከአዲሱ ቦርድ ቀዳዳዎች ጋር ስቆጥራቸው አንዷ ትርፍ ሆነች። እሷ ብትቀር የቦርዱን ጀርባ ነክታ ታቃጥለው ነበር። ፈታኋት። በዚህ ጊዜ ጥሩ ባለሙያ የሆንኩ መሰለኝ።

ከሁሉ ያስቸገሩኝ ከኬዙ ፊት ለፊት የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፤ ማብሪያው፣ መብራቶቹ። ቦርዱ ላይ የተጻፈላቸው ፊደል ጉንዳን ያክላል። በስልኬ ፎቶ አንስቼ አጎላሁትና አንድ በአንድ ሰካኋቸው። ከዚያ ወፍራሙን የኃይል ገመድ፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለችውን ትንሿን፣ በመጨረሻ የሃርድ ዲስኩን።

አሥራ ሰባቱም ላይ ምልክት አድርጌ ማብሪያውን ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ፤ ጽሑፍ መጣ። አዲሱ ቦርድ ቀኑንም ሰዓቱንም ስለማያውቅ ሞላሁለት።

«የኛ ሰዓት ነው የፈረንጅ?» አለች እናቴ፣ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ።

«የፈረንጅ።»

«እሺ። ብቻ ፕሮግራሙ ይኑር።»

ፕሮግራሙ ነበረ፤ የተለማመደችባቸው ገጾችም ነበሩ። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ኪቦርዱን ሰካችና መጻፍ ጀመረች። አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ኮምፒውተሩ ጠፋ።

አስነሳሁት። ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ጠፋ። ደብተሬን ይዤ ከአንድ ጀመርኩ። ገመዶቹን ነቅዬ መለስኩ፤ ራሙን አውጥቼ መለስኩ። አሥራ ሰባቱም ልክ ናቸው። እንደገና አስነሳሁት፤ እንደገና ጠፋ። እናቴ ጋዜጣውን በአራት አጠፈችው።

«ለሱቁ ልጅ እንስጠው የኔ እናት። ማክሰኞ ያደርስልናል።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ከቀሯት ስድስት ቀናት ውስጥ ሁለቱን ያባከንኩት እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ ሱቁ ብተወው ኖሮ ቢያንስ ወረፋ ውስጥ ነበር።

አባቴ ለዙህር ወደ ቤት መጣ። ሰግዶ ሲጨርስ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ።

«ስንት ደቂቃ ይሠራል?»

«አራት። ወዲያው ሲነሳ ሁለት።»

«ካሳረፍሽውስ?»

«እንደገና አራት።»

«ሞቆ ነዋ።»

«ማራገቢያው ይዞራል እኮ አባ።»

«ስለ ማራገቢያው አልጠየቅኩሽም። ያ ብረት ይሞቃል ወይ?»

አስነሳሁትና ሁለታችንም ጣታችንን ማቀዝቀዣው ብረት ላይ አደረግን። ስክሪኑ ላይ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳየውን ገጽ ከፈትኩ። ቁጥሩ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና እያለ ወጣ። ብረቱ ግን ከጣታችን ሥር ቀዝቃዛ ነበር። ኮምፒውተሩ ጠፋ።

«ሞተር ፈልቶ ራዲያተር ከቀዘቀዘ ውሃው አልዞረም ማለት ነው» አለ አባቴ። «መካከል ላይ የዘጋው ነገር አለ።»

ሶኬቱን ነቅዬ አራቱን እግሮች ፈታሁና ማቀዝቀዣውን ገለበጥኩት። ፔስቱ ተጨፍልቋል፤ ከፔስቱ ጀርባ፣ ብረቱ ላይ፣ እንደ ውሃ የጠራ ስስ ላስቲክ አለ።

ላስቲኩን ጠዋት አይቼው ነበር። ሳላየው አመለጠኝ ብል ውሸት ነው። ከእሽጉ ሳወጣው ጫፉ በጥፍሬ ተነካና ተነሳ፤ «አዲስ ነው፣ እንዳይጫር» ብዬ መልሼ በአውራ ጣቴ ለጠፍኩት። በቤታችን የአዲስ ዕቃ ላስቲክ አይላጥም። የፍሪጁ በር ላይ ከተገዛ ጀምሮ አለ፤ ሪሞቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ በላስቲክ ማሰሪያ ታስሯል፤ የሶፋውን የላጠው ታናሽ ወንድሜ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። ይህን ሁሉ ተምሬ ያደግሁ ልጅ ስለሆንኩ አሥራ ስምንተኛ ተራ ቁጥር ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም። ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወጥቶ ወደ ብረቱ እንዳያልፍ የዘጋሁት በእንክብካቤ ነው።

አባቴ ማቀዝቀዣውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አደረገው።

«ይኼ ይላጣል እንዴ?»

«ጠያቂውን እዪልኝ» አለች እናቴ። «የመኪናህ መቀመጫ ላስቲክ ስንት ዓመቱ ነው?»

«እሱ ሌላ ነው። ተሳፋሪው ከነጭቃው ነው የሚገባው።»

«በበጋ ደግሞ ተጣብቆ ይቀራል። ባለፈው አንዷ ስትነሳ ቀሚሷ ቀርቶ ነበር።»

«አልቀረም፣ ተያዘ ነው ያልኩሽ።»

እየሳቅን እያለም እጄ አላረፈም። አሮጌውን ፔስት በጥጥና በአልኮል ከሁለቱም ወገን ጠረግሁ። ላስቲኩን ላጥኩ፤ ቀጭን ድምፅ እያሰማ ተነሳ። መርፌው ውስጥ የቀረው ፔስት አንዲት ምስር እንኳን አይሞላም ነበርና በቀስታ ገፍቼ እስከ መጨረሻው አወጣሁት። ማቀዝቀዣውን መልሼ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረግሁት። አስነሳሁት። ቁጥሩ አርባ ሁለት ላይ ቆመ፤ ብረቱ ለብ አለ።

«ጻፊ እማ» አልኩ።

ጋዜጣውን ዘርግታ ጻፈች። አባቴ ምሳው እየቀዘቀዘ ቆሞ ያያል። እኔ የስልኬን ሰዓት ይዤ ነበር።

«እማ፣ አራት ደቂቃው አለፈ።»

«ዝም በይ፣ እየጻፍኩ ነው።»

አንድ ሰዓት ተኩል ጻፈች። አባቴ ማታ ሲገባ የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ይዞ መጣ፤ ማንም አልጠየቀውም። ሰኞና ማክሰኞ እናቴ ከሥራ ስትመለስ ሻሿን እንኳን ሳትፈታ ትቀመጥ ነበር፤ እኔ ደቂቃውን እይዛለሁ፣ ስህተቱን በእርሳስ አከብባለሁ። ሰኞ ዘጠኝ ስህተት ነበራት። ማክሰኞ አራት። ረቡዕ ገጹን ከሰዓቱ ቀድማ ጨረሰች፤ ሁለቴ አነበብኩት፤ የማከብበው ነገር አጣሁ።

ሐሙስ አብሬያት ሄጄ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኳት። ስትወጣ ፊቷን አየሁና ቦርሳዋን ተቀበልኳት።

«ሁለት ደቂቃ ተረፈኝ» አለች ደረጃውን እየወረድን። «አንዷ ልጅ 'ቀ'ን አጥታ ከጎኔ ስትቁነጠነጥ ነበር። አሳዘነችኝ፣ ግን መናገር አይፈቀድም።»

በሚቀጥለው ሳምንት ስሟ ካለፉት ጋር ተለጠፈ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ለድሮው መሥሪያ ቤቷ ኮንትራቱን እንደማታድስ የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈች። ለሌሎች ሰዎች ስንት የስንብት ደብዳቤ ጽፋለች፤ የራሷን ስትጽፍ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ስትጨርስ ወንበሩን ለቀቀችልኝ።

«አንብቢልኝ፤ ስህተት ካለ ንገሪኝ።»

ከቀኑ ቀጥሎ አንድ ትርፍ ክፍት ቦታ ነበረ። ነገርኳት። ቆማ እንዳለች በትከሻዬ በኩል እጇን ዘርግታ አጠፋችው፤ ከዚያ ደብዳቤውን በፍላሽ ገልብጬ ላሳትምላት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረድኩ።